ደፍ ላይ የተጋደመ በርጩማ

ጥቅምት ፲፩ ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔም እናቴም ደኅና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልዎ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምክንያት መደርደር እችል ነበር፤ ሆኖም ምክንያቶቼ ሁሉ ስንፍናን የክብር ልብስ ከማልበስ አያልፉም።

በአውቶቡሱ ሾፌር አፍ የላኩት ጥያቄ ደርሶኛል። «የሱቄን በር የሚያስጠይቀው ማን ነው?» ብለዋል አሉኝ። ሾፌሩ ቃሉን ሳያለዝበው እንዳልቀረ ገምቻለሁ። መልሱን ከሥሩ ልጀምር።

አዲሱ አውራ ጎዳና ከመንደራችን ውጭ ካለፈ ወዲህ ዋናው መንገዳችን ምን እንደ ሆነ ሳይሰሙ አይቀሩም። መኪናው ጎዳናውን ተከተለ፤ ገበያተኛው መኪናውን ተከተለ። ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ከተደረደሩት ሱቆች ጠዋት በራቸው የሚከፈተው ከግማሽ ያንሳሉ። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን መልሶ ሕያው ለማድረግ አስቧል። ጣራ ያድሳል፤ የውሃ መውረጃ ይቆፍራል፤ መብራት ይተክላል። አስቀድሞ ግን የነዋሪው አስተያየት ይሰብሰብ ብሏል። እኔ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ስለማስተዳድርና ጽሕፈቴም ስለሚነበብ የመንገዱ ማኅበር ይህን ሥራ ሰጠኝ። ሊቀ መንበሩ «ከማንም ያልተጣላሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። ያኔ እውነታቸውን ነበር።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ መንገዱ ምን ጎደለው? ምን ይጨመርለት? እርስዎ ራስዎ ምን ያደርጉለታል? የመጀመሪያውን ሁሉም አንጀቱ እስኪርስ ይመልሳል። ሁለተኛውን እያመነታ ይመልሳል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሳል ይይዘዋል። ጫማ ሰፊው፣ ያው ሁላችንም «ይመስለኛል» እያልን የምንጠራቸው፣ መዶሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው «እስከ ዛሬ ሳይጠይቁን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ጠይቀው ሊወስዱ ነው ይመስለኛል» አሉኝ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ደግሞ ረዘም ያለ አስተያየት ከሰጡ በኋላ መልሼ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ሳነብላቸው ፊታቸው ተለወጠና «ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? ማን አለ ብለው ቢጠይቁሽ ምን ልትይ ነው?» አሉ። ሰርዤ ወጣሁ።

እርስዎን የሚመለከተው ጉዳይ የሚከተለው ነው። ሱቆቹ የማኅበሩ እንደ ሆኑና ባለሱቅ የሚይዛቸውም እየሠራባቸው እስካለ ድረስ ብቻ እንደ ሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ ተዘግተው የቆዩት ሁሉ በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እሑድ በሚደረገው ስብሰባ፣ መሥራት ለሚፈልግ ሰው በዕጣ ይሰጣሉ። የእርስዎ በር ግን ከዕጣው ተለይቶ ቆሟል። ምክንያቱ በርጩማዎ እስከ ዛሬ ድረስ ደፉ ላይ እንደ ተጋደመ መሆኑ ነው። እዚህ መንገድ ላይ በርጩማውን አጋድሞ የወጣ ባለሱቅ «መጣሁ» ብሎ የወጣ ነው። ያንን በርጩማ የሚሻገር የለም፤ በሥራውም የሚገባበት የለም። ደጅ ቆሞ የተተወ በርጩማ ግን «ለቅቄያለሁ፤ ያሻው ይውሰደው» ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት የፈጀ «መጣሁ» አይተን አናውቅም ያሉ አልጠፉም። ሆኖም ልማዱን ለመሻር የደፈረ ስላልተገኘ «እንግዲያው ትጠየቅ» ተባለ። የምጠይቅዎ እኔ ነኝ፤ ይመለሳሉ ወይስ ይለቃሉ? ከስብሰባው በፊት ቃልዎ ካልደረሰ በርዎ ከሌሎቹ ጋር ዕጣ ውስጥ ይገባል።

የሱቅዎ የፊት ለፊት መስኮት ስፋት ስንት እንደ ነበር ቢያስታውሱ እግረ መንገድዎን ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት ፳፬ ቀን

የእህቴ ልጅ፣

እኔ ደኅና ነኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ከትከሻሽ በላይ ሆና እያነበበች እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንቺ፣ ዞር በይ ከዚያ።

ደብዳቤሽ እንደ ውል ነው። ሁለቴ አንብቤው መጨረሻ ላይ ልፈርም ቦታ ስፈልግ ነበር።

እስቲ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ይህን ሁሉ ዓመት «ሞተሽ ነው ቆመሽ?» ያለኝ የመንገዱ ሰው የለም። ዛሬ ጣራው ሊታደስ ሲል በርጩማዬ ታወሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም? በሬን የፈለገው ማን ነው? «ማኅበሩ» እንዳትይኝ። ማኅበር እጅ የለውም፤ በር የሚከፍተው ሰው ነው።

ደግሞ ያ በርጩማ። ተጋድሟል ያልሽው የትኛው ነው፣ ያ ሦስት እግሩ? አጋደሙ እንዴት ነው? ፊቱ ወደ ውጭ ነው ወደ በሩ? አቧራ ለብሷል? ሁሉንም እይውና ጻፊልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ዳቦ ጋጋሪው አለ? መኖር ይኖራል፤ እሱ ምን ይሆናል። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ እናትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም። የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ ጨርሼ መስኮቱ ላይ ሰቅያለሁ፤ ነጭ ነው፣ ወተት። ያ የምድጃው ጭስ ማውጫ ወደኔ መስኮት ነው የሚተፋው። ጠዋት ብመጣ ቀሚሱ ላይ ጥላሸት እንደ ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበታል። ሄጄ ብነግረው «መስኮትሽን ዝጊያ» አለኝ። መስኮትሽን ዝጊ። ከዚያ በላይ የከፋኝ ግን የሌላው ነው። መንገዱ ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ይሰማል፣ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ምን ይበል? ሁሉም አፉን በሱ ዳቦ ሞልቶታል።

መምጣቴንም አለመምጣቴንም አሁን አልነግርሽም። እዚህ ሱቄ ሥራ በዝቶብኛል፤ ሠራተኞቹን ጥዬ እንዲህ በቀላሉ አልነቃነቅም።

መስኮቱ ሁለት ክንድ ተኩል ነው። ለምን ፈለግሽው?

አክስትሽ


ኅዳር ፫ ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እናቴ ደብዳቤዎን ከትከሻዬ በላይ አለማንበቧን፣ ተቀምጣ ከእጄ ተቀብላ ማንበቧን እንድገልጽልዎ አዛኛለች።

እንደ ፈቃድዎ በርጩማውን መረመርኩት። ሦስት እግሩ ነው፤ መቀመጫው ያው እርስዎ የተቀመጡበት፣ መሐሉ የሰረጎደ ነው። መቀመጫው ወደ መንገዱ፣ እግሮቹ ወደ በሩ ሆኖ ተጋድሟል። ሁለት ነገሮች ግን አሳስበውኛል። አንደኛ፣ አቧራ አልለበሰም። አጠገቡ ያለው የበሩ ሳንቃ አቧራው ጣት ያስጽፋል፤ በርጩማው ግን የተወለወለ ነው። ሁለተኛ፣ ከሦስቱ እግሮች ሁለቱ ከመቀመጫው ጋር አንድ እንጨት አይደሉም። ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ፣ ቅርብ ጊዜ የተጠረቡ ናቸው። በአንደኛው መጋጠሚያ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አይቻለሁ። ምስጥ የበላው እንጨት ብናኝ ሊሆን ይችላል፤ ስላላረጋገጥኩ ምስጥ ነው አልልም።

ስለ ዳቦ ጋጋሪው ጠይቀዋል። አሉ። ከመንገዱ ሁሉ ለሦስቱ ጥያቄዎች አንድም መልስ ያልሰጡኝ እርሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። በሁለተኛው የነበረው ንግግር ቃል በቃል ይህ ነው፤

«ጋሼ፣ የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ዳቦ ነው የምትፈልጊው?»

«አስተያየትዎን ነው።»

«እሱ ገና አልቦካም።»

ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ምስጢሩን እንደሚያውቁ ነገሩኝ፤ ዳቦ ጋጋሪው በእርስዎና በእርሳቸው ቤት መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሰው ዳቦ ቤቱን ሊያሰፉ ይፈልጋሉ ብለውኛል። ማስረጃ ስጠይቃቸው «ፊቱን አይተሽዋል?» አሉኝ። ፊት ማስረጃ ሆኖ ስለማይጻፍ አልጻፍኩትም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንድ ልብስ ሰፊ መጥቶ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሱቅ ሊከፍት ፈልጎ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ጠርተው «ባለሥራዋ መጣሁ ብላ ነው የወጣችው» ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ መንደሩ የሸሚዝ ቁልፍ ለማስተከል እንኳ አውቶቡስ ይሳፈራል። ደግሞም የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ እርስዎ በሚሉት በኩል የለም፤ ወደ ወንዙ ዞሯል። መቼ እንደ ዞረ የጠየቅኳቸው ሁሉ የተለያየ ዘመን ይሰጡኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬን ልድገም፤ ይመጣሉ? አንድ ሌላም አለኝ። በርጩማውን ሲያጋድሙ ያየዎ ሰው ነበር? ለማን ነግረው ወጡ? ስብሰባው ላይ መጠየቁ አይቀርም።

አክባሪዎ


ኅዳር ፲፪ ቀን

የእህቴ ልጅ፣

ምስጥ ነው አለች! ስንት ዓመት ተምረሽ ዱቄትና ምስጥ መለየት ካቃተሽ መጽሐፉ ምን ይሠራልሻል? ዱቄት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ዱቄት እጁ ላይ የማይጠፋ ሰው ስንት አለ? አንድ።

አሁን ነገሩ ገባኝ። ሌላ ልብስ ሰፊ እንዳይገባ በሬን አስጠብቆ ኖረ፤ ጣራው በማዘጋጃ ቤት ወጪ እስኪታደስ ጠበቀ፤ አሁን ግድግዳውን ይንድና ቤቴን የዱቄት ጎተራ ያደርገዋል። ጭስ ማውጫውንስ ለምን ያዞረ ይመስልሻል? ለኔ አዝኖ? በኔ በኩል ያለውን ግድግዳ ነጻ ሊያደርግ ነዋ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ሐሜተኛ ናት፣ እወቂ፤ ግን ሐሜተኛም አንዳንድ ቀን ይቀናዋል። ከዛሬ ጀምሮ ከሱ ቤት ዳቦ እንዳትገዙ። እናትሽም ጭምር። ዳቦ እየበላ ሰው አይመረመርም።

በሩን አይተሽዋል? ቁልፉ አልተነካም? የስፌት መኪናዬ እንዳለ ነው? በቀዳዳ እይ።

አሁን ደግሞ ወደ አንቺ። አንቺ ልጅ፣ በክንድ ተለክቶ የተነገረሽን መስኮት «ለምን ፈለግሽው» ብዬ ጠይቄሽ ነበር። በርጩማውን አንድ ገጽ ሙሉ ተነተንሽልኝ፤ ለዚያች ግን መልስ የለሽም። እናትሽ ባለፈው በላከችልኝ ደብዳቤ ላይ የትምህርት ቤቱ ጣራ እያፈሰሰ መጻሕፍትሽን በሳጥን ከጥግ ጥግ እንደምትገፊ ጽፋለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቅ ሲለካ ምን ሊሰፋ እንደታሰበ አውቃለሁ። መንገዱን የምትጠይቂው ለመንገዱ ነው ለራስሽ?

ለማን ነግረሽ ወጣሽ ያልሽውን አንብቤዋለሁ። ያልመለስኩልሽ ሳላየው ቀርቼ አይደለም።

አክስትሽ


ኅዳር ፲፯ ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ መልስ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። በቁጣ የተጻፈ ነገር ትክክል ቢሆን እንኳ ትክክለኛነቱ አይታመንም ብዬ ስለማምን ነው።

ጥርጣሬዎ እውነት ነው። በርዎ ዕጣ ውስጥ ቢገባ እኔም ለማውጣት አስቤ ነበር። መጻሕፍቱ እየሻገቱ ነው፤ በሳምንት አንድ ሳጥን ፀሐይ ላይ እዘረጋለሁ፤ ገጾቹ ደርቀው ሲጠቀለሉ እንደ ቅጠል ይንኮሻኮሻሉ። መንገዱ ላይ ሰው ገብቶ የሚያነብበት አንድ ክፍል ቢኖር ለሦስተኛው ጥያቄ የራሴ መልስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በሱቅዎም ፊት ሳልፍ መስኮቱ ስፋቱ ልክ መስሎ ታየኝ። ይህን መጀመሪያ መናገር ይገባኝ ነበር። ሳልናገር የቀረሁት እርስዎን ለማታለል ሳይሆን፣ የእርስዎን መልስ የእኔ ፍላጎት እንዳያጣምመው ፈርቼ ነው። አሁን እንደማየው ግን ያልተነገረ ፍላጎት ከተነገረው ይልቅ ያጣምማል። ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄጄ የእርስዎን በር ጉዳይ ሌላ ሰው እንዲይዘው ጠይቄያለሁ። «ሌላው ሁሉ እኮ እርስ በርሱ ተጣልቷል» ብለው መለሱኝ። ከእንግዲህ ግን እኔ ዕጣ እንደማላወጣ በፊታቸው ተናግሬያለሁ። ስለዚህ በሩን ቢይዙትም ቢለቁትም እኔ የሚቀርብኝ ነገር የለም።

የስፌት መኪናዎ በቀዳዳ ይታያል፤ ጨርቅ ተሸፍኗል። ቁልፉ ዝጓል እንጂ አልተነካም። ዳቦውን በተመለከተ፣ እናቴ ዓርብ ዕለት ዳቦ ሳትገዛ ውላ ቅዳሜ ገዝታለች። «መርማሪዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ» ትላለች።

ከእርስዎ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ጠይቄዎ ሁለት ጊዜ አለፉኝ። ጎረቤትዎን የሚጠረጥሩት በበርጩማው ሰበብ ነው፤ ስለ በርጩማው ግን የሚያውቁትን አልነገሩኝም። ስብሰባው ቀርቧል። በርጩማውን ያጋደሙት መቼ፣ በማን ፊት ነው?

አክባሪዎ


ኅዳር ፳፪ ቀን

የኔ ልጅ፣

እኔ በርጩማ አላጋደምኩም።

ግድግዳው ጥግ አቁሜው ነው የሄድኩት። በእጄ፣ ቀጥ አድርጌ። ምን ማለት እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያቆምኩት፤ እዚያ መንገድ ላይ ተወልጄ አድጌ የቆመ በርጩማ ትርጉም ይጠፋኛል? ለቅቄያለሁ፣ የፈለገ ይውሰደው፣ ብዬ ነው የወጣሁት። ጎህ ገና ሲቀድ ነው፤ ማንም አላየኝም። የስፌት መኪናዬን እንኳ የተውኩት ከዚያ መንገድ የወጣ ነገር አብሮኝ እንዲመጣ ስላልፈለግኩ ነው።

መጀመሪያ «ተጋድሟል» ብለሽ ስትጽፊ ቀልድ መሰለኝ። ቀጥሎ ወጥመድ መሰለኝ። አጋደምኩ ብል ውሸታም፣ አላጋደምኩም ብል በሬን አሳልፌ የሰጠሁ እኔ ልሆን ነው አልኩ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩሽ። አንቺንም ጠርጥሬ ነበር። የመስኮቱን ነገር ሳትደብቂ ስትጽፊልኝ ግን፣ እንዲህ አድርጋ የምትጽፍ ልጅ ሰው መሸንገል ብትፈልግ እንኳ አታውቅበትም አልኩ።

ስለዚህ አንድ ሰው ከኔ በኋላ መጥቶ አጋድሞታል። ሄደሽ ጠይቂው። እሱን። ቀጥታ። ሊጥ ሊጥ እያለ እንዳያመልጥሽ።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ለእናትሽ አይነበብ። እዚህ ሱቅ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ መኪናው እንደ ትምህርት ቤት ወንበር የተደረደረ። እኔ የግራ እጅጌ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የግራ እጅጌ ሰፍቼ ወደ ጎኔ አቀብላለሁ። ሙሉ ልብስ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ሠራተኞቹ ያልኩሽ እኔው ነኝ።

አሁን ሁሉንም ታውቂያለሽ። ስብሰባው ላይ «በርጩማው ቆሞ ነበር» ካልሽ በሩ ዕጣ ይገባል። የፈለግሽውን አድርጊ። አልቀየምሽም፤ ትንሽ እቀየምሽ ይሆናል።

አክስትሽ


ኅዳር ፳፭ ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ስለ እጅጌው የጻፉልኝን ለማንም አላነበብኩም። ያንን ገጽ ለብቻው አጥፌ ይዤዋለሁ፤ እናቴ «ገጽ ጎድሏል» ብላ ሁለት ቀን ጠርጥራኛለች።

ዳቦ ጋጋሪውን ጠየቅኳቸው። ሊጥ እየደበደቡ ነበር፤ እጃቸውን አላቋረጡም። የተባባልነውን ከመጀመሪያው አስቀምጣለሁ።

«ጋሼ፣ የአክስቴን በርጩማ ያጋደሙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ ከንቱ ሆነ።

«ለምን?»

«ቆሞ ነበራ። ጠዋት በሬን ስከፍት አየሁት። ጫማ ሰፊው 'ይመስለኛል' ከወዲያ ማዶ ይመጣል፤ ዓይኑ በርጩማው ላይ ነው፤ ያኔ የሚቀመጥበት ሱቅ አልነበረውም። ቀድሜው ሄጄ አጋደምኩት።»

«እርሷ ያላለችውን በስሟ መናገርዎ አይደለም?»

«ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት ብዬ አይደለም። ንዴቷ እስኪበርድ፣ ሳምንት ቢሆን ነው ብዬ ነው። ሳምንቱ አለፈ። ከዚያ ማን ያንሣው? ባነሣው 'ቀረች' ያልኩት እኔ ልሆን ነው።»

ስለ እግሮቹ ጠየቅኳቸው። «እንጨት አይደል፣ ይበሰብሳል» አሉ። ስለ ጭስ ማውጫው ጠየቅኳቸው። «ጭስ ማውጫው ምን ሆነ?» አሉ። ግድግዳውን ሊያፈርሱ አስበው እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ግን ምድጃውን ከፍተው ወደ ውስጥ ማየት ጀመሩ። ልወጣ ስል ጠሩኝና «እስቲ እነዚያን ጥያቄዎችሽን አምጪ» አሉ።

መንገዱ ምን ጎደለው? «ልብስ ሰፊ።»

ምን ይጨመርለት? «ልብስ ሰፊ።»

እርስዎስ ምን ያደርጉለታል? በአገጫቸው ወደ እርስዎ ደፍ አሳዩኝ። «አላየሽውም እንዴ?»

አክስቴ፣ ጽፌ የያዝኩት አስተያየት ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ ይህን ያህል አልከበደኝም። ሆኖም መደምደሚያ ላይ ደርሻለሁ ብዬ አላታልልዎትም። ከልቡ የተጸጸተ ሰው የበርጩማ እግር ይቀይራል፤ የጎረቤቱን ቤት የሚመኝም ሰው ይቀይራል። የቀየሩት ከየትኛው ወገን ሆነው እንደ ሆነ እግሩን አይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

የማውቀው የራሴን ችግር ነው። እሑድ ስብሰባው ላይ ተነሥቼ የእርስዎን በር ጉዳይ የማቀርበው እኔ ነኝ። «አክስትሽ አጋድማ ነው የሄደችው?» ብለው ቢጠይቁኝ አዎ ማለት አልችልም፤ ውሸት ነው። አይደለም ካልኩ በሩ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ጫማ ሰፊው እንኳ የወንድማቸውን ልጅ ለዕጣው አሰልፈዋል። ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬ ከሁለቱ የከፋ ይሆናል። ከዚህ የሚያወጣኝ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። ሾፌሩ ዓርብ ይመለሳል። እባክዎ፣ አንድ መስመርም ቢሆን።

አክባሪዎ


ኅዳር ፳፰ ቀን

የኔ ልጅ፣

ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ጥሩምባ እየነፋብኝ ነው የምጽፈው።

ውሸት አታውሪ። ያለፈውን ደብዳቤዬን እንዳለ አንብቢላቸው፤ ያቆምኩትንም፣ እሱ ያጋደመውንም። ከዚያ ይህን አንብቢ፤ ከዛሬ ጀምሮ በርጩማውን ያጋደምኩት እኔ ነኝ። መጣሁ። የወሩን ሥራ አስረክቤ፣ ከሁለት እሑድ በኋላ ባለው አውቶቡስ።

የግራ እጅጌ ነኝ ያልኩትን ግን ዝለዪው።

ለሱ ደግሞ እንዲህ በይው፤ ያለፈቃዴ በስሜ በመናገሩ ጠቤ ሁለት ሆኗል፤ አንደኛው የቀሚሱ፣ ሁለተኛው የበርጩማው። ሁለቱንም መጥቼ እጣላዋለሁ። እስከዚያው ይጠብቀው፤ ለምዶታል።

መስኮቱን አታገኚውም። ብርሃን ለመርፌ ነው። አንቺ መጻሕፍትሽን ሱቄ ውስጥ በሱ ግድግዳ በኩል ደርድሪ። ምድጃው ከጀርባው ስለሆነ ያ ግድግዳ ክረምት ከበጋ ደረቅ ነው። ደግሞ ሊያፈርሰው ካሰበ መጀመሪያ መጽሐፉን ሁሉ አንድ በአንድ ያንሣ። ያኔ አስቦ እንደሆነ እናውቃለን።

ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ያለውን ሁሉ፤ ሳታለዝቢ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ ፩ ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሁለቱን ደብዳቤዎችዎን ትናንት በስብሰባው ላይ የእጅጌውን ነገር ብቻ ዘልዬ አንብቤያቸዋለሁ። እንዳዘዙኝ የሆነውን ሳላለዝብ አስቀምጣለሁ።

አንብቤ ስጨርስ ሁሉም ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞረ። ባለ መድኃኒት ቤቷ «እና እስከ ዛሬ በዚያ ደፍ ዙሪያ እየዞርን የሄድነው በዳቦ ጋጋሪ ቃል ነው?» አሉ። ሌላው «ይህ ማጭበርበር ነው፤ በሩ ዕጣ ይግባ» አለ። ጥቂት እጆች ወጥተውም ነበር። ነገሩን የገታው ካልጠበቅኩት ወገን መጣ። ጫማ ሰፊው ተነሥተው፣ ወደ ወንድማቸው ልጅ ሳያዩ፣ እንዲህ አሉ፤ «ልማዱ ተጋድሟል ወይ ነው የሚለው። ማን አጋደመው አይልም። የዚያን ቀን ጠዋት እኔም እዚያ ነበርኩ። ቆሞ እንደነበር አይቻለሁ፤ እሱ ሲያጋድመውም አይቻለሁ። ዝም ያልኩት አሁን ዕጣ እንድታወጡበት አይደለም ይመስለኛል።»

የወጡት እጆች ወረዱ። በሩ የእርስዎ ነው ተብሎ ተጽፏል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ አረጋግጬዋለሁ።

ዳቦ ጋጋሪው በስብሰባው ላይ ቃል አልተነፈሱም። መልእክትዎን ስብሰባው ሲበተን በር ላይ አደረስኩላቸው። ጠቡ ሁለት መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዲስ ነገር የሰሙ አልመሰለኝም። መጻሕፍቱ በእርሳቸው ግድግዳ በኩል እንደሚደረደሩም ነገርኳቸው። ፊታቸውን ልብ ብዬ አየሁ፤ ለዚህ ዝግጁ ነበርኩ። «እርጥበት የለውም» ብቻ አሉ። ደስ ይበላቸው ይክፋቸው አላወቅኩም፤ ስለዚህ አልጽፍም። ጥቂት ራመድ ብለው ዞሩና «የጠዋቱ አውቶቡስ ነው የከሰዓቱ?» ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ ስላልጻፉልኝ መመለስ አልቻልኩም። እባክዎ ይጻፉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል።

ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በደጅዎ አለፍኩ። በርጩማው በቦታው ተጋድሟል። መቀመጫው ላይ አዲስ የዱቄት የጣት አሻራ አለ፤ አራት ጣት፣ አውራ ጣቱ ከሥር። እንደ ልማዴ ለማስረጃ ቀረብ ብዬ አየሁት። ልጠርገው መሐረቤን አወጣሁ፤ ከዚያ መልሼ ከተትኩት።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ